ጓዝ ከመጫኑ በፊት የሰው ንብረት ይለይ፦ ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም ለሚዛወሩ



በምዕራብ ጎጃም ቤት የሚለቀቀው ብዙ ጊዜ በማይመች ወቅት ነው። መምህሩ ዝውውር የሚደርሰው ትምህርት ሲዘጋ ነው። ልጆች ያሉት ቤተሰብም መስከረም ሳይጠባ አዲሱ ቦታ ለመግባት ይጣደፋል። ስለዚህ ጓዝ የሚጫነው ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ በሚበረታበት፣ ከገጠር ቀበሌው እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ ጭቃ በሆነበት ሰሞን ነው። ነጋዴውም ቢሆን ሱቁን ዘግቶ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ የሚነሳው ዱቤውን ሰብስቦ፣ ዕዳውን ከፍሎ ሳይጨርስ ነው።

ስለ ቤት ማዛወር የሚሰጡ ምክሮች አብዛኛውን ጊዜ ከካርቶንና ከገመድ ይጀምራሉ። ወደ እነሱም እንመጣለን። ከዚያ በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለ፦ ቤታችሁ ውስጥ ካለው ዕቃ የእናንተ ያልሆነው የቱ ነው?

ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በ622 እ.ኤ.አ. ከመካ ወደ መዲና ሲሰደዱ በእጃቸው የመካ ሰዎች አደራ ነበር። ጠላቶቻቸው ሆነው እንኳ ንብረታቸውን የሚያስቀምጡት እሳቸው ዘንድ ነበር። ሊገድሏቸው በዶለቱባት ሌሊት ዐሊይ ኢብን አቢ ጧሊብን (ረ.ዐ) ወደ ኋላ አስቀርተው አደራውን ለየባለቤቱ እንዲመልስ አደረጉ። ዐሊይ ለዚሁ ሲል ሦስት ቀን መካ ቆይቶ ከዚያ በኋላ እንደተከተላቸው በሲራ መጻሕፍት ተዘግቧል። ከዚያ ሌሊት የበለጠ የሚያጣድፍ የቤት መልቀቅ አይኖርም። ስለዚህ "ግርግር ላይ ሆኜ ረሳሁት" የምንለው ነገር ብዙም አያስኬደንም።

እኔ ራሴ ይህን የተማርኩት በከባድ መንገድ ነው። ከዓመታት በፊት ከቡሬ ወደ ባሕር ዳር ስንዛወር አንዲት ጎረቤታችን በመሐረብ የተቋጠረ ገንዘብ ለእናቴ በአደራ ሰጥታት ነበር። እናቴ ከሳጥኑ ሥር፣ ከነጠላዎቿ መሃል አስቀምጣዋለች። ሳጥኑ እንዳለ ተጫነ። ባሕር ዳር ደርሰን ሳጥኑ የተከፈተው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። በዚያ መሃል የሴትዮዋ ልጅ ታሞባት ለማሳከሚያ ከሰው ተበድራለች። ገንዘቡን ስንመልስላት "እናንተ ዕቃ ስትጭኑ ቆሜ እያየሁ ነበር፤ መጠየቅ አፍሬ ነው" አለች። እናቴ እስከ ዛሬ ይህን ስታነሳ ድምፅዋ ይቀየራል።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ባለአደራው የሚያፍረው፣ የሚጨነቀው፣ የሚሰናበተው ሰው ፊት ዕቃውን መጠየቅ የሚከብደው በመጫኛው ቀን ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት እሱ ሳይሆን ተነሺው ነው። መኪና ከመከራየታችሁ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ አንድ ደብተር ያዙና ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጣችሁ ክፍል በክፍል አስታውሱ። ከእናት ጋር ማድረጉ ይሻላል፤ የቤቱን አደራ ከአባወራው ይልቅ የምታውቀው እሷ ናት።

ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ነገር ትንሽ ነው፦ ለሰርግ የተዋሰ ትሪ፣ የእድሩ ድስት፣ የጎረቤት ወንፊት፣ ከመድረሳ የመጣ ኪታብ። የመስጂድ ኮሚቴ ውስጥ የነበረ ሰው ቁልፍ፣ ማኅተም፣ የደረሰኝ ጥራዝና የጀመዓ ገንዘብ እጁ ላይ ሊኖር ይችላል። ይህን በቃል ሳይሆን ተቆጥሮ፣ ተፈርሞ ማስረከብ ያስፈልጋል። ዕቁብም አለ። ዕጣ ያልደረሰው ሰው ቢሄድ የሚጎዳው ራሱን ነው። ዕጣውን ቀድሞ የወሰደ ሰው ግን ቀሪው መዋጮ ሙሉ በሙሉ ዕዳ ነው፤ ዳኛውን አግኝቶ በምን መንገድ እንደሚልክ ሳይነጋገር መነሳት የለበትም። የባለሱቁ የዱቤ መዝገብም ከዚህ አይለይም። ሁሉንም መክፈል ካልተቻለ ባለገንዘቡ ፊት ቀርቦ፣ መጠኑን ተማምኖ፣ ቀን ቆርጦ፣ በምስክር መፈራረም ይገባል። ዕዳ ያለበት ሰው በሌሊት ሲጭን ማየት ለሰፈሩ ሁሉ ያሳፍራል።

ገጠር ላይ ሁለት ነገሮች ይጨመራሉ። አንደኛው ከብት ነው። ለእርባታ ተብሎ እናንተ ዘንድ ያለ የሌላ ሰው ላም ወይም በግ ካለ ባለቤቱን ጠርቶ የተወለደውን መካፈል ይቀድማል። ሁለተኛው እህል ነው። ከምርት በኋላ ጎተራ ገልብጦ የሚነሳ ሰው ዘካውን ማውጣቱን ያረጋግጥ። ምርቱ አምስት ወስቅ፣ በብዙዎች ስሌት 650 ኪሎ ግራም ገደማ ከደረሰ፣ በዝናብ የበቀለው 10 በመቶ፣ በመስኖ ድካምና ወጪ የለማው 5 በመቶ የድሆች ድርሻ ነው። ይህ ሳይወጣ ከተጫነ የሰው ገንዘብ ከራስ እህል ጋር ተቀላቅሎ ሄደ ማለት ነው። የሚሰጠውም እዚያው፣ ያ እህል ሲዘራና ሲታጨድ ባዩት ጎረቤቶች መሃል ቢሆን ደስ ይላል።

በደብተሩ ሌላ ገጽ ላይ ደግሞ ሰው ዘንድ ያለው የእናንተ ንብረት ይጻፍ። በእኩል የምታሳርሱት መሬት ካለ ውሉን በቀበሌው የመሬት አስተዳደር አስመዝግቡ። የይዞታ ደብተሩን ለአራሹ አትተዉለት።

ወረቀትን በተመለከተ ከሁሉ የሚቀድመው ከቀበሌ የሚወጣው መሸኛ ነው። አዲሱ ቦታ መታወቂያ ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚባለው "መሸኛ አምጣ" ነው። ለልጆች ከትምህርት ቤት መልቀቂያና የውጤት ካርድ፣ ለሕፃናት የክትባት ካርድ፣ የጤና መድን ደብተር፣ የኒካህና የልደት ወረቀት። እነዚህ ሁሉ በአንድ ላስቲክ ተጠቅልለው በሰው እጅ ይሂዱ እንጂ ከዕቃ ጋር አይጫኑ። ወርቅም እንዲሁ፤ ፍራሽ ውስጥ መደበቅ የቆየ ልማድ ቢሆንም ፍራሹን የሚሸከመው ሌላ ሰው መሆኑን አትርሱ። የቅድመ ክፍያ መብራት ካርድ ግን የቆጣሪው ስለሆነ ለባለቤቱ ይቀራል።

አሁን ወደ ዕቃው እንምጣ።

በቡሬ ዙሪያ፣ በወንበርማና በጃቢ ጠህናን ቤት ሲነሳ ከባዱ ጭነት እህል ነው። የእኔ ሐሳብ በቆሎውን ለመንገድና ለመጀመሪያው ወር ከሚበቃው በቀር እዚያው መሸጥ ነው። ከዋጋው አንፃር ብዙ ቦታ ይይዛል፤ የመጫኛው ክፍያ ትርፉን ይበላዋል። ጤፍና በርበሬ ግን መያዝ ያዋጣል። በደንብ ያልደረቀ እህል ሸራ ሥር ታፍኖ ሁለት ቀን ከዋለ ይሞቃል፣ ይሻግታል፤ ስለዚህ ፀሐይ በወጣ ቀን አስጥታችሁ፣ በጥርስ ሲነከስ ቀጭ ብሎ እስኪሰበር ማድረቅ ነው። ነቀዝ የገባበትን ለብቻ አድርጉ። ሦስት ድርብ ያለው ፒክስ የሚባለው ከረጢት ካላችሁ ለዚህ ጥሩ ነው፤ አፉ በደንብ ከታሰረ ውስጥ ያለው ነቀዝ አየሩን ጨርሶ ይሞታል። ነገር ግን የአልጋ ብረት ወይም የምጣድ እግር ውስጠኛውን ላስቲክ ከወጋው ከተራ ማዳበሪያ አይሻልም። በርበሬ ከላይ ይጫን፣ ላምባና ናፍታ ደግሞ ከእህልም ከፍራሽም ይራቅ። ላምባ የነካው ጤፍ ታጥቦ አይድንም።

ሸክላ ለሚጭን ሰው ከካርቶን ይልቅ የጤፍ ጭድ ይጠቅመዋል። ጀበናው ውስጥ ጨርቅ ሞልታችሁ፣ አንገቱን በሌላ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጭድ በሞላበት ቅርጫት መሃል አስቀምጡት። ሲኒዎች አንድ በአንድ በጋዜጣ ወይም በልጆች ልብስ ተጠቅልለው በድስት ውስጥ ይገባሉ፤ ባዶ ድስት ባዶውን መጫን ቦታ ማባከን ነው። የሸክላ ምጣድ በጀርባው ተኝቶ ላዩ ላይ ነገር ከተጫነበት ይሰነጠቃል። በሁለት ፍራሽ መሃል በጠርዙ ይቁም። የአልጋውና የቁምሳጥኑ ብሎን በትንሽ ፌስታል ሆኖ እዚያው ከአልጋው እግር ጋር ይታሰር። ፍራሽና ብርድ ልብስ ከመጠቅለላቸው በፊት ፀሐይ ላይ ቢራገፉ ትኋን አብሮ ወደ አዲሱ ቤት የመሄዱ ዕድል ይቀንሳል።

ቁርኣንና ኪታቦች በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልለው ለብቻቸው ይያዙ፤ ሰው ቢይዛቸው ይመረጣል፣ ከተጫኑም ከሁሉ በላይ ይሁኑ፣ ጫማ ካለበት ማዳበሪያም ይራቁ።

መኪናውን ስትነጋገሩ ዋጋው ምን ምን እንደሚጨምር በግልጽ ይባል። ጫኝና አውራጁን የሚከፍለው ማነው? መንገድ ላይ ቢታደር የሹፌሩና የረዳቱ ወጪ የማን ነው? አይሱዙው በር ድረስ ይገባል ወይስ ዕቃው ዋናው መንገድ ላይ ይራገፋል? ከሰፈራችሁ የሚወጣው መንገድ ጭቃ ከሆነ ደግሞ ጓዙን በአህያና በጋሪ ቀድሞ ወደ አስፋልቱ ማውጣት፣ በአንድ ዘመድ ግቢ ከሸራ ሥር ማሳደር ይሻላል። መኪና ጭቃ ውስጥ ከተያዘ የሚራገፈው ዕቃ የሚያርፈው እዚያው ጭቃ ላይ ነው።

የአህያ ጭነት ግራና ቀኙ ካልተመዛዘነ መንገድ ላይ ይዞራል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሞሌ ጨው ጭነው በባሶ ገበያ በኩል አባይን እየተሻገሩ እስከ እናርያ ይዘልቁ የነበሩት የጎጃም ሙስሊም ሲራራ ነጋዴዎች ይህን ከማንም በላይ ያውቁት ነበር። መኪናም ያው ነው፤ ልዩነቱ ፊትና ኋላው መጨመሩ ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ጓዝ ከደጀን እስከ ጎሃ ጽዮን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የአባይን በረሃ ያቋርጣል። ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርድና ያንኑ ያህል ይወጣል። ሲወርድ ጭነቱ ሁሉ ወደ ጋቢናው ይገፋል፣ ሲወጣ ወደ ኋላ በር ይመለሳል። ስለዚህ ከባዱ፣ ብፌው፣ የእህሉ ጆንያ፣ ማቀዝቀዣው፣ ከታች ሆኖ ከጋቢናው ጋር ተጣብቆ ይታሰር፤ በመሃል ክፍት ቦታ አይተው፤ ክፍተቱ በፍራሽና በልብስ ጆንያ ይሞላ። ማቀዝቀዣ ቆሞ ይሂድ፤ ከደረሰ በኋላም ጥቂት ሰዓት ሳይሰካ ይቆይ። ሸራው ከላይ ብቻ ሳይሆን ከሥርም ይነጠፍ፤ ክረምት ላይ ውኃ ከመኪናው ወለልም ይገባል።

ከ2015 ጀምሮ በክልሉ ባለው ግጭት ምክንያት መንገድ ሳይታሰብ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ከመነሳታችሁ በፊት በዚያ መንገድ ትናንት የመጣ ሹፌር ጠይቁ። ሁለት ሌሊት መንገድ ላይ ብትቀሩ የሚበቃ ምግብ፣ ውኃና የሕፃን ልብስ ከሰው ጋር ይሁን። የዘመድ ስልክ ቁጥር በወረቀትም ይጻፍ፤ ስልክ ባትሪ ይጨርሳል፣ ኔትወርክም ይጠፋል።

ከፍኖተ ሰላም ባሕር ዳር ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ብዙ ዑለማዎች የጉዞ ርቀት ብለው ከሚጠቅሱት 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ያልፋል። ስለዚህ መንገድ ላይ ዙህር፣ ዐስርና ዒሻእ ወደ ሁለት ረከዓ ያጥራሉ። አዲሱ ቤት ልትኖሩበት የምትገቡበት ስለሆነ ከደረሳችሁ በኋላ ግን ሙሉ ይሰገዳል። ዝርዝሩን ከመስጂዳችሁ ኢማም ጠይቁ።

መጨረሻ የሚጫነው፣ ስለዚህም መጀመሪያ የሚወርደው፣ የመጀመሪያዋ ሌሊት ጆንያ ነው፦ ምንጣፍ፣ ብርድ ልብስ፣ መስገጃ፣ የውዱእ ማንቆርቆሪያ፣ አንድ ድስት፣ ስኳርና ቡና፣ ሳሙና፣ የእጅ ባትሪ። ሌላው ካርቶን ሁሉ በቁጥር ተጽፎበት ደብተሩ ላይ ይመዝገብ። ስንት ቁጥር እንደተጫነና ስንት እንደወረደ ሳይመሳከር ለሹፌሩ የመጨረሻው ክፍያ አይሰጥ።

አዲስ አበባ ተከራይታችሁ የምትገቡ በ2016 የወጣውን የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ (ቁጥር 1320/2016) እወቁት። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል።

የለቀቃችሁትን ቤት ጠርጋችሁ፣ የቆጣሪውን ንባብ ባለቤቱ ባለበት አይታችሁ ቁልፉን አስረክቡ። ከዚያ ደብተሩን አውጡና ያልተሰረዘ ስም ካለ መኪናው ሳይነሳ በሩን ሄዳችሁ አንኳኩ። ሰውየው ከሌለ ገንዘቡን ወይም ዕቃውን ለምታምኑት ሰው በሁለት ምስክር ፊት ሰጥታችሁ፣ የተረከበውን ሰው ስምና ቀኑን እዚያው ጻፉ።