«ምንም አይሰማኝም» ማለት ጤነኛ ነኝ ማለት ነውን?

ዌስትላንድስ ሲባል የካኩማ ሰው መጀመሪያ ትዝ የሚለው ወረፋ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ጉዳይ ቢሮ ለረጅም ዓመታት እዚያ ሰፈር ስለቆየ፣ የጉዞ ፈቃድ አስጽፎ፣ ቀንና ሌሊት በአውቶቡስ ተንገላቶ፣ ዋያኪ ዌይ ዳር ፋይሉን ይዞ ያልቆመ ስንት ሰው አለ? ያልሄደውም ቢሆን ስለ ሣሪት ሴንተርና ስለ ቅዳሜ ማታ ጭፈራ ቤቶቹ ከሄዱት ሰምቷል።

ዛሬ የምናወራችሁ ግን እዚያው መንገድ ላይ ስላለ ሌላ ነገር ነው። ከዌስትላንድስ ማታቱ ተሳፍሮ ወደ ምዕራብ ጥቂት እንደተጓዙ ካንጌሚ ይደረሳል። በምርጫ ክልል ካየነው ካንጌሚም ዌስትላንድስ ነው፤ ኑሮው ግን የፎቁ ሳይሆን የቆርቆሮው ነው፣ ለኛ ኑሮ የሚቀርብ። በዚህ ሰፈር የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የኤድስ ክትባት ምርምር ተቋም፣ በአጭሩ ካቪ የሚባለው፣ ክሊኒክ ከፍቶ ከነዋሪው ጋር ሠርቷል። ተቋሙ በ2001 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በኬንያ የመጀመሪያውን የኤች አይ ቪ ክትባት ሙከራ የጀመረው ነው። ክትባቱ የታሰበውን ያህል አልሠራም። ሆኖም ተራ የሰፈር ሰው «ምርምር ላይ ልሳተፍ ወይስ ይቅርብኝ» ብሎ እንዲጠይቅና እንዲወስን ያስለመደ ሥራ ነበር።

ናይሮቢ በአባላዘር በሽታ ምርምር ስሟ ከተጠራ ቆይቷል። በ1980 አለን ሮናልድ የተባሉ ካናዳዊ ሐኪም ከማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ሲመጡ ፍለጋቸው ከርክር የሚባለውን የብልት ቁስል እንጂ ኤድስን አልነበረም። ኤድስ ገና ስም እንኳ አልነበረውም። ከናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ሥራው ሰፋ፤ በ1985 በፑምዋኒ ማጄንጎ በሴተኛ አዳሪነት የሚተዳደሩ ሴቶችን መከታተል ተጀመረ። የሴቶቹ ደም ሲመረመር ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ ቫይረሱ ተገኘ። ቁስል ፍለጋ የተጀመረው ሥራ ማንም ያላየውን ወረርሽኝ አወጣ ማለት ነው። ይህን ያነሣነው ዛሬም ወጣቶቻችንን የሚመለከተው ጉዳይ ይኸው የማይታየው ስለሆነ ነው።

እኛ ዘንድ የአባላዘር በሽታ ሲባል የሚታሰበው ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል፣ መግል፣ ቁስል ነው። ጨብጥ በወንድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ እንዲያ ስለሚያደርግ አነጋገሩ መሠረት የለውም አንልም። ነገር ግን ክላሚዲያ የሚባለው በሽታ ከያዛቸው ሴቶች አብዛኞቹ ምንም ምልክት አያዩም፤ ከወንዶቹም ብዙዎቹ አያውቁትም። ጨብጥም በሴት ላይ ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። ቂጥኝ ደግሞ ይብሳል። ቁስሉ ሳያም ይመጣል፣ ሳይታከም በራሱ ጊዜ ይደርቃል፣ ሰውየውም «ለቀቀኝ» ብሎ ይረሳዋል። በሽታው ግን ደም ውስጥ ተቀምጧል፤ ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ ወደ ፅንሱ ይሻገራል።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 ብቻ ከ15 እስከ 49 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ ሊድኑ በሚችሉ አራት የአባላዘር በሽታዎች 374 ሚሊዮን አዲስ ሕመም እንደደረሰ ገምቷል። ሊድኑ በሚችሉ መባሉን ልብ በሉልን። መድኃኒቱ አለ፤ ክላሚዲያ በሰባት ቀን ክኒን፣ ቂጥኝ ገና ሳይቆይ ከተደረሰበት በአንድ ጊዜ የፔኒሲሊን መርፌ ይድናል። የሚጎዳው ሳይታከም የቆየው ነው። ክላሚዲያና ጨብጥ ወደ ውስጥ ዘልቀው የማኅፀን ቱቦን ይደፍናሉ። ከዓመታት በኋላ ልጅቷ ትዳር ይዛ ልጅ ሲጠፋ ግን ጣት የሚቀሰረው እሷ ላይ ነው። ጸበል ትመላለሳለች፣ ባል ይኮበልላል፣ ያ ዝምተኛ በሽታ ከማን እንደመጣ የሚጠይቅ የለም።

በኬንያም ሆነ በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎች ለብዙ ዓመታት የተሠራበት አሠራር በምልክት ማከም ነው። ነርሷ ምን እንደሚሰማችሁ ጠይቃ፣ አይታ፣ ምልክቱን ሊያመጡ ለሚችሉ በሽታዎች ሁሉ መድኃኒት ትሰጣለች። ላቦራቶሪ በሌለበት ቦታ ይህ ብዙ ሰው አድኗል፤ አንንቀውም። ቀዳዳው ግን ግልጽ ነው። ምንም የማይሰማው ሰው ወደ ነርሷ አይሄድም።

የሚሰማውም ቢሆን ይሄዳል ወይ? አይሄድም፤ ወደ ሱቅ ነው የሚሮጠው። ሁለት ሦስት ፍሬ ካፕሱል ገዝቶ ይውጣል፣ ማቃጠሉ ቀለል ሲልለት ይተወዋል። ፔኒሲሊንን የሚቋቋም ጨብጥ ዓለም ላይ የታወቀው በ1976 ነው፤ ከዚያ ወዲህ በሽታው መድኃኒቶችን አንድ በአንድ እያሸነፈ ዛሬ ዋናው መድኃኒት ሴፍትሪያክሶን የተባለ መርፌ ሆኗል። ስለዚህ ወንድሜ፣ ያ የሱቅ ካፕሱል ገንዘብህን ነው የበላው። በዚያ ላይ ጓደኛህ አብራህ ካልታከመች የዳነው ሰውነትህ ተመልሶ ይያዛል።

ወጣቶቻችን ከክሊኒክ የሚሸሹበት አንድ ትልቅ ምክንያት አለ፣ እሱም በስደተኛ ካምፕ ካልሆነ ሌላ ቦታ የማይገኝ ነው። «ፕሮሰሴ ይበላሽብኛል!» ይህ ፍርሃት ከባዶ የመጣ አይደለም። አሜሪካ ኤች አይ ቪ ያለበትን ሰው ለዓመታት አላስገባም ስትል ኖራለች፤ የዚያን ጊዜ ወሬ እስከዛሬ በካምፑ ይዞራል። ነገር ግን ያ ክልከላ ከጥር 4 ቀን 2010 ጀምሮ ተነሥቷል። በሕክምና ምርመራው አዋቂዎች ስለ ቂጥኝ፣ ወጣት አዋቂዎች ደግሞ ስለ ጨብጥ ይመረመራሉ፤ የተገኘበት ሰው ይታከማል፣ መታከሙ ይመዘገባል፣ በዚህ ምክንያት አይቀርም። የአሜሪካው ፕሮግራም በጥር 2025 ከታገደ ወዲህ የጉዞው ነገር ራሱ ሌላ ወሬ ሆኗል። ቢሆንም ለማይታወቅ ቀን ሲሉ ዛሬ የሚድን በሽታ ይዞ መቀመጥ ምን የሚሉት ሂሳብ ነው?

አሁን ወደ ኪሱሙ እንሂድ፤ ከሁሉ ያስገረመን የዚያ ጥናት ነው። አንድ ሐሳብ ነበር። ሰው ያለ ኮንዶም ግንኙነት ካደረገ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ዶክሲሳይክሊን የተባለውን ክኒን ቢወስድ በሽታው ሳይጀምር ይቀራል የሚል። በአሜሪካ ከወንድ ጋር ግንኙነት ባላቸው ወንዶች ላይ ተሞክሮ ክላሚዲያንና ቂጥኝን በጣም ቀንሷል። በሴቶችስ? ከ2020 እስከ 2022 በኪሱሙ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 30 የሆኑ 449 ሴቶች ገቡበት። ሁሉም ኤች አይ ቪን የሚከላከለውን የየዕለት ክኒን የሚወስዱ፣ ማለትም ለጤናቸው የሚያስቡ ናቸው። ገና ሲጀመር ሲመረመሩ ከመቶ 18 ያህሉ አንድ የአባላዘር በሽታ ነበረባቸው። ከዚያ ገሚሶቹ ዶክሲሳይክሊን ተሰጣቸው፣ ገሚሶቹ በተለመደው እንክብካቤ ቀጠሉ።

ውጤቱ ታኅሣሥ 2023 ታተመ። ክኒኑ በተሰጣቸው ዘንድ 50፣ ባልተሰጣቸው ዘንድ 59 አዲስ በሽታ። ልዩነት የለም ያሰኛል። መድኃኒቱ በሴት አካል አይሠራም ማለት ነው? ተመራማሪዎቹ የ50 ሴቶችን ጸጉር ወስደው መረመሩ። ሴቶቹ በየሳምንቱ ሲጠየቁ አብዛኛውን ጊዜ ወስደናል ብለው ነበር። ጸጉር ግን ይሉኝታ አያውቅም። ከ200 የጸጉር ናሙና መድኃኒቱ የተገኘው በ58ቱ ብቻ ነው።

ይህን ስናነብ አንዳንዶቻችን ስቀናል፤ «ሴት ዋሸች» ለማለት የቸኮለም ነበረ። እኛ ግን እንዲህ አናየውም። አንዲት ክፍል ውስጥ ከእናት፣ ከእህት ወይም ከባል ጋር የምትኖር ልጅ የክኒን ብልቃጥ የት ታስቀምጠዋለች? «ይህ የምንድን ነው?» ስትባል ምን ትመልሳለች? ከግንኙነቱ ማግስት በየጊዜው መዋጥ ማለት የትናንቱን ነገር ቤት ውስጥ በየጊዜው መናገር ማለት ነው። እንግዲህ የኛን መጠለያ አስቡት፤ ጎረቤት ሲያስነጥስ «ይማርህ» የምንለው በግድግዳ በኩል ነው። እንደኛ አስተያየት ያ ጸጉር የመሰከረው ስለ ሴቶቹ ውሸት ሳይሆን ስለሚኖሩበት ቤት ነው።

መደበቅ የማያስፈልገው ነገር ሲሆን ምን እንደሚመጣ ደግሞ ሌላው የኬንያ ጥናት አሳይቷል። ኤች ፒ ቪ የሚባለው ቫይረስ በግንኙነት ይተላለፋል፣ እሱም ዝምተኛ ነው፣ ቆይቶ ግን የማኅፀን በር ካንሰር ያመጣል። ይህ ካንሰር በ2022 በዓለም ላይ 350 ሺህ ያህል ሴቶችን ገድሏል። ክትባቱ ከተገኘ ቆይቷል፤ ነገር ግን በመጀመሪያ ሦስት ጊዜ፣ ኋላም ሁለት ጊዜ መወጋት ስለነበረበት ዋጋውም ድካሙም ለድሀ አገር ከበደ። ኬን ሺ የተባለው ጥናት የጠየቀው ቀላል ጥያቄ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆንስ?

በናይሮቢ፣ በቲካና በኪሱሙ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 20 የሆኑ 2,275 ልጃገረዶች ተሳተፉ። ከ18 በታች ላሉት ወላጅ መፈረም ነበረበት፤ ጥናቱ ግንኙነት የጀመሩትን ስለሚመለከት ያቺ ፊርማ ለስንቷ እናት እንደምትከብድ ገምቱ። በዕጣ ለሦስት ተከፈሉ። ለሁለቱ ቡድን ሁለት ዓይነት የኤች ፒ ቪ ክትባት፣ ለሦስተኛው ለማነጻጸሪያ የማጅራት ገትር ክትባት ተሰጠ፣ ሁሉም አንድ አንድ መርፌ። ከ18 ወር በኋላ፣ ሲጀመር ካንሰር አምጪ ከሆኑት ዋነኛዎቹ 16ኛውና 18ኛው ዓይነት ቫይረስ ካልነበረባቸው መካከል 38ቱ በእነዚህ ተይዘው ተገኙ። ከ38ቱ 36ቱ የማጅራት ገትር ቡድን ነበሩ። ከሁለቱ የኤች ፒ ቪ ቡድኖች የተያዙት አንድ አንድ ልጅ ብቻ። በመቶኛ ሲሰላ መከላከሉ 97.5 ነው፤ በሦስተኛው ዓመት ሲታይም አልቀነሰም።

ጥናቱ በ2022 በታተመበት በዚያው ሚያዝያ ወር የዓለም የጤና ድርጅት የክትባት አማካሪዎች አንድ መርፌ ይበቃል አሉ። ኢትዮጵያ ክትባቱን ታኅሣሥ 2018 ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የጀመረች ሲሆን በ2024 ወደ አንድ መርፌ ዞራለች። ኬንያ ጥቅምት 2019 በ10 ዓመት ልጃገረዶች ጀመረች። «ልጄን መካን ያደርግብኛል» የምትሉ እናቶች ካላችሁ፣ ይህ ክትባት መካን አያደርግም። መካን የሚያደርገውን ከላይ ነግረናችኋል።

የማጅራት ገትሩ ዕጣ የወጣላቸው ልጆችስ ቀረባቸው እንዴ? አልቀረባቸውም። ለማጅራት ገትር ተከትበው ቆይተዋል፣ ክትትሉ ሲያበቃ የኤች ፒ ቪው መርፌ ለእነርሱም ተሰጣቸው።