ለመረጃ ቅጂ የ«ሩት» ቁልፍ ለምን?

ብዙ መረጃ የሚያከማቹ ድርጅቶች በርካታ ሰርቨሮችን አስተባብረው እንደ አንድ መጋዘን ያሠሯቸዋል፡፡ ይህ ስብስብ ክላስተር ይባላል፡፡ እሳት ወይም ሌላ አደጋ ቢደርስ መረጃው እንዳይጠፋም በሌላ ከተማ ሁለተኛ ክላስተር ተቋቁሞ የመጀመሪያው ይዘት በየጊዜው ወደዚያ ይገለበጣል፡፡ ለዚህ ብዙ ገንዘብ ይወጣል፤ ቅጂው የሚተላለፈው በማን ስም እንደሆነ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው፡፡

ለአብነት ግላስተር ኤፍኤስ የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር እንውሰድ፡፡ ሠሪውን ኩባንያ ሬድ ሀት እ.ኤ.አ. በ2011 ገዝቶታል፤ ለንግድ ምርቱ ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ በ2024 መጨረሻ ቢያቆምም ሶፍትዌሩ አሁንም ይገኛል፡፡ ግላስተር ቅጂውን ወደ ሩቁ ክላስተር የሚልከው ኤስኤስኤች በሚባለው የተመሰጠረ መስመር ነው፡፡ ቀላሉ አሠራር እዚያ በ«ሩት» መግባት ነው፡፡ ሩት ማለት በሰርቨሩ ላይ የሚሳነው ነገር የሌለ ተጠቃሚ ነው፡፡ እንግዲህ የመጀመሪያውን ክላስተር ሰብሮ የገባ ሰው የሁለተኛውንም ቁልፍ እዚያው ሊያገኝ ይችላል፡፡ ለክፉ ቀን የተቀመጠው ቅጂ በዚያው ክፉ ቀን አብሮ ይጠፋል፡፡

እርግጥ ነው፣ ግላስተር ራሱ የሚያሰራጨው ቁልፍ ገደብ አለው፤ በእሱ የገባ ሰው ከቅጂው ፕሮግራም ውጪ ሌላ ትዕዛዝ ማስኬድ አይችልም፡፡ ሆኖም ግንኙነቱ ሲመሠረት ያለ ይለፍ ቃል የሚያስገባ ሌላ ቁልፍ ይዘጋጃል፡፡ ይህኛው ገደብ የለውም፡፡ የሚያስፈልገው ለምሥረታው ብቻ በመሆኑ ከዚያ በኋላ ሊነሳ ይችላል፡፡ ግን ማን አስታውሶት!

የተሻለው መንገድ ለቅጂ ሥራ ብቻ ተራ አካውንት መክፈት ነው፡፡ ተራ ተጠቃሚ ማከማቻውን ራሱ መክፈት ስለማይችል ማውንት ብሮከር የሚባል አገልግሎት ይከፍትለታል፤ የሚከፍትለትም አስቀድሞ የተፈቀደለትን ብቻ ነው፡፡ ዝግጅቱ ረዘም ይላል፡፡ ለአካውንቱ ቡድን መፍጠር፣ በሁለተኛው ክላስተር የግላስተርን አገልግሎት አጥፍቶ ማስነሳት፣ በመጨረሻም ቁልፎቹን በየቦታቸው የሚያኖረውን ስክሪፕት እዚያው አንድ ጊዜ በሩት ማስኬድ ያስፈልጋል፡፡ ድካሙ የሚያስቆጭ አይደለም፡፡

ይህ ሁሉ ተደርጎም ተራው አካውንት በተፈቀደለት ማከማቻ ውስጥ ፋይል መሰረዝ ይችላል፤ ከመጀመሪያው ክላስተር የተሰረዘውን ከሁለተኛውም መሰረዝ ሥራው ነውና፡፡ ስለዚህ ሁለተኛው ክላስተር የማከማቻውን የቀድሞ ይዞታ፣ ባለሙያዎች ስናፕሾት የሚሉትን፣ በየጊዜው ለብቻው መያዝ አለበት፡፡ እሱን የማጥፋት ሥልጣን ደግሞ ለቅጂው አካውንት ጨርሶ አይሰጥም፡፡