እጥበት ላይ ያለ ልጅና ልቡ፦ ተረትና እውነታ

«የልብ በሽታ የትልልቅ ሰዎች ነው።»

ኩላሊቱ ሥራ ላቆመ ልጅ ይህ እምነት አደገኛ ነው። በኩላሊት እጥበት የሚኖሩ ልጆችን ለሞት ከሚዳርጉ ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ የልብና የደም ሥር ሕመም ነው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2006 እ.ኤ.አ. እነዚህን ልጆች ለልብ በሽታ እጅግ ተጋላጭ ከሆኑት ጋር መድቧቸዋል። ሕመሙ የሚመጣበት መንገድ ግን ኮሌስትሮል ከሚጎላበት ከአዋቂዎቹ ይለያል። ከፍተኛ የደም ግፊትና ያልወጣ ፈሳሽ የልብን ጡንቻ ያወፍሩታል፤ ካልሲየምና ኩላሊት ያላስወጣው ፎስፌት የተባለ ማዕድን ደግሞ የደም ሥርን ግድግዳ ያደነድኑታል። ስለዚህ «ኮሌስትሮሉ ደህና ነው» መባሉ ብቻውን አያስተማምንም።

«ደረቴን ካላለ ልቡ ጤነኛ ነው።»

ጡንቻው የወፈረ ልብ ለዓመታት ምንም ሳያሳምም ሊመታ ይችላል፤ ልጁም ይጫወታል። ውፍረቱን የሚያሳየው የልብ አልትራሳውንድ ነው። እሱም ጊዜ አለው፦ ልጁ ፈሳሽ አጠራቅሞ ሳለ ከተነሣ ልቡ ከእውነቱ በላይ ተወጥሮ ይታያል። ትርፍ ፈሳሹ ወጥቶለት ትክክለኛ ክብደቱ ላይ ሲደርስ ነው መነሣት ያለበት። ወላጆች ቀጠሮ ሲይዙ ይህን ቢጠይቁ መልካም ነው።

«ሆስፒታል ሲለካ ግፊቱ ጥሩ ነበር።»

ከእጥበት በኋላ የወረደ ግፊት ሌሊት፣ ልጁ ተኝቶ ሳለ፣ ከፍ ሊል ይችላል። ለዚህ ነው ክንድ ላይ ታስሮ 24 ሰዓት የሚለካው መሣሪያ የሚያስፈልገው። የልጅ ግፊት የሚመዘነውም በዕድሜውና በቁመቱ ነው፤ ለአባቱ ደህና የሆነው የላይኛው ቁጥር 120 ለ4 ዓመት ልጅ ከፍተኛ ነው።

«ካልሲየም ለልጅ አይበዛም።»

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ፍቅር ሳያውቅ የሚጎዳበት ቦታ ነውና። በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመ የሎስ አንጀለስ ጥናት በእጥበት የሚኖሩ 39 ወጣቶችን የልብ ደም ሥሮች በሲቲ ስካን መረመረ። ከ20 ዓመት በታች ከነበሩት 23ቱ በአንዱም ላይ የካልሲየም ክምችት አልታየም። ከ20 እስከ 30 ዓመት ከሆኑት 16 ግን በ14ቱ ላይ ተገኘ። ክምችቱ የታየባቸው ፎስፌትን አንጀት ውስጥ ከሚይዙ ክኒኖች በየቀኑ የሚያገኙት ካልሲየም የሌሎቹ እጥፍ ገደማ ነበር። የልጆቹ ስካን ንጹሕ መሆኑ እኔን አያጽናናኝም። በኋላ በለንደን በቀዶ ሕክምና ወቅት ከልጆች የተወሰዱ የደም ሥሮች ሲመረመሩ ካልሲየሙ ገና በልጅነት እንደሚጠራቀም ታይቷል። ይህ ማለት ግን ክኒኑን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አይደለም፤ ፎስፌት ሲበዛም ይጎዳል። የሚሻለው ሐኪሙን የካልሲየም፣ የፎስፌትና እነዚህን የሚቆጣጠረውን የፓራታይሮይድ ሆርሞን ውጤት መጠየቅና የክኒኑን መጠን ከእሱ ጋር ማስተካከል ነው።

«ኩላሊት ከተተካለት ልቡም ዳነ።»

አደጋው በእጅጉ ይቀንሳል፤ የወፈረው ጡንቻም ሊሳሳ ይችላል። የደነደነ የደም ሥር ግን በቀላሉ አይለሰልስም። አዲሱን ኩላሊት ሰውነት እንዳይጥለው ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዳንዶቹም ግፊት ይጨምራሉ፤ የግፊትና የልብ ክትትሉ ከንቅለ ተከላው በኋላም መቀጠል አለበት።