የላስታ ጓሮ በክረምቱ ክፍተት

በላስታ ደጋ የአርሶ አደሩ ጎተራ የሚጎድለው ዝናቡ በሚበረታበት ወቅት ነው። የመኸሩ ሰብል ገና በማሳ ላይ ሳለ ሐምሌና ነሐሴ ይደርሳሉ። በ1997 ዓ.ም የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ድጋፍም ቢሆን በአብዛኛው ከጥር እስከ ሰኔ ባሉት ስድስት ወራት የተወሰነ ነበር። ክፍተቱን የሚደግፈው በሪፖርት እምብዛም የማይጠቀሰው ጓሮ ነው።

ላሊበላ ከባህር ወለል በላይ በ2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ደጋ በበልጉ ዝናብ፣ በየካቲትና በመጋቢት የተተከለ ድንች ከሦስት እስከ አራት ወራት ስለሚደርስ ለሰኔና ለሐምሌ ይሆናል። ድንች ወደ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ በ1858 በጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር አማካኝነት እንደሆነ ይነገራል፤ ይበልጥ የተስፋፋው ግን ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም ከደረሰው ክፉ ቀን ወዲህ ነው። የአበሻ ጎመንም ግንዱ ሳይነቀል ቅጠሉ እየተቀነጠሰ ለወራት ይበላል። ጓሮው ለቤት ቅርብ በመሆኑ አመድና ፍግ አያጣም፤ ኩበቱ ለማገዶ ስለሚውል የሩቁ ማሳ ይህን ዕድል አያገኝም።

ችግሩ በልጉ ሲቀር ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ በክልሉ በዘመቻ የተቆፈሩት የቤተሰብ ኩሬዎች ለዚህ ታስበው ነበር፤ ሆኖም ብዙዎቹ ውሃ በማስረጋቸው አገልግሎት ሳይሰጡ ቀርተዋል። የተቆፈሩት ኩሬዎች መቆጠራቸው ውሃ መያዛቸውን አያሳይም ነበር። በቤት ያለው አማራጭ የእጣቢ ውሃ ሲሆን ለጥቂት መደብ ጎመን ይበቃል።