ዋጋውን መክፈል ወይስ ሰውየውን መልቀቅ?

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል የሚለው የአባቶች ምሳሌ የሚሠራው በቤትና በንብረት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በማናቸውም የሥራ ቦታ የአንድ ሠራተኛ ዋጋ ጐልቶ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ሲፈልገው ነው። ያን ጊዜ አሠሪው በሁለት አሳብ መካከል ይቆማል። የተጠየቀውን ከፍሎ ሰውየውን ያስቀር? ወይስ ገንዘቡን ይዞ ሰውየውን ያሰናብት? ይህ ጥያቄ በግልጽ ከሚታይባቸው ስፍራዎች አንዱ የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ስለ ሆነ፥ በኒው ዮርክ ከተማ የደረሰውን አንድ እውነተኛ ነገር ለአንባቢዎቻችን አቅርበን ልንመረምረው አስበናል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ነገሩን ለመረዳት አስቀድሞ ደንቡን ማወቅ ያስፈልጋል። ኤን.ቢ.ኤ. በተባለው የአሜሪካ ብሔራዊ የቅርጫት ኳስ ማኅበር ውስጥ ውላቸው ያለቀ ተጫዋቾች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኞቹ ፈጽሞ ነጻ ስለ ሆኑ ወደ ወደዱት ቡድን ይሄዳሉ። ሁለተኞቹ ግን፥ በተለይም በማኅበሩ ውስጥ ጥቂት ዓመት ብቻ የቈዩት ወጣቶች፥ ነጻነታቸው የተገደበ ነው። እንዲህ ያለው ተጫዋች ከሌላ ቡድን ጋር በውል ወረቀት ላይ ሊፈርም ይችላል፤ ነገር ግን የቀድሞው ቡድኑ በተወሰነው ቀን ውስጥ ይህንኑ ዋጋ እኔ እከፍላለሁ ካለ፥ ተጫዋቹ ከዚያው ይቀራል። ቀነ ገደቡ በ2012 ሦስት ቀን ነበር። ቡድኑ እምቢ ካለ ወይም ቀኑን ካሳለፈ ግን ተጫዋቹ ያለ ምንም ካሣ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የቀድሞው ቡድን ዋጋውን ለመቀነስ ወይም የክፍያውን አኳኋን ለማሻሻል አይችልም፤ የቀረበውን እንዳለ ይቀበላል፥ ወይም ይተዋል። እንግዲህ እቀበላለሁ ብሎ የሚፈርመው ተቀናቃኙ በጻፈው ወረቀት ላይ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ እንመለስ። ጀረሚ ሊን ከታይዋን ከመጡ ወላጆች በ1988 በካሊፎርኒያ የተወለደና በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የኤኮኖሚ ትምህርት የተማረ ወጣት ነው። በ2010 ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በመረጡበት ቀን ስሙን የጠራ አልነበረም። ጎልደን ስቴት የተባለው ቡድን ተቀብሎት ከአንድ የጨዋታ ዘመን በኋላ አሰናበተው። ሂውስተን ሮኬትስም በዲሴምበር 2011 ወስዶት ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ለቀቀው። በመጨረሻ የኒው ዮርኩ ኒክስ አነሣው። የዓመት ደመወዙ 762,000 ዶላር ያህል ነበር፤ ይህም በዚያ ማኅበር ዘንድ ከዝቅተኞቹ የሚቈጠር ነው። በቡድኑ መቈየቱን እርግጠኛ ስላልነበረ ቤት አልተከራየም፤ በወንድሙ ቤት ሶፋ ላይ ያድር ነበር።

ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2012 ኒክስ 8 ጊዜ አሸንፎ 15 ጊዜ ተሸንፎ በነበረበት ሰዓት አሠልጣኙ ይህን ወጣት ወደ ሜዳ አስገባው። በዚያ ምሽት 25 ነጥብ አስቈጠረ። ከስድስት ቀን በኋላ በታላቁ የሎስ አንጀለስ ሌከርስ ላይ 38 ነጥብ አገባ። ፌብሩዋሪ 14 ቀን በቶሮንቶ ሰዓቱ ሊያልቅ ከአንድ ሴኮንድ ያነሰ ሲቀር የጣላት ኳስ ጨዋታውን 90 ለ87 ደመደመችው። ኒክስ ሰባት ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ። በከተማይቱ ሕፃናትና ሽማግሎች 17 ቍጥር የተጻፈበትን መለያ ለበሱ። በታይዋንና በቻይናም ሰዎች የኒክስን ጨዋታ ለማየት ማለዳ ይነሡ ጀመር። ይሁን እንጂ በማርች ወር ጕልበቱ ታመመና በቀዶ ጥገና ታከመ፤ የዓመቱ ጨዋታም በዚያ አበቃለት። በዚያ ዘመን በጠቅላላው የተጫወተው 35 ጊዜ ሲሆን፥ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ የተሰለፈው 25 ጊዜ ብቻ ነው።

በጁላይ 2012 ቀድሞ የለቀቀው ሂውስተን ተመልሶ መጣ። ያቀረበው ውል የሦስት ዓመት ሆኖ ድምሩ 25.1 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ለመጀመሪያው ዓመት 5 ሚሊዮን፥ ለሁለተኛው 5.2 ሚሊዮን ያህል፥ ለሦስተኛው ግን 14.9 ሚሊዮን ዶላር ይከፈላል። በጊዜው እንደ ተዘገበው አስቀድሞ የታሰበው ዋጋ ከዚህ የቀለለ ነበር፤ ኒክስ ይከፍላል የሚለው ወሬ በተሰማ ጊዜ ግን የሦስተኛው ዓመት ሸክም እንዲከብድ ተደረገ።

እንዲህ ያለ ውል ሊጻፍ የቻለው ስለ ምንድን ነው? በ2003 ጎልደን ስቴት ጊልበርት አሪናስ የተባለውን ወጣት ለዋሽንግተን ተነጠቀ፤ ሊከፍልለት ቢፈልግም የደመወዝ ወሰኑ አልፈቀደለትም። ከዚህም የተነሣ በ2005 እንዲህ ላለው ወጣት የሚቀርበው የመጀመሪያ ዓመት ደመወዝ መጠነኛ እንዲሆን፥ ሁለተኛውም በጥቂት ብቻ እንዲጨምር ተደነገገ። ሦስተኛው ዓመት ግን ከፍ ሊል ይችላል። አቅራቢው ቡድን የሦስቱን ዓመት ደመወዝ አማካይ አድርጎ በየዓመቱ እኩል ሲያስመዘግብ፥ የቀድሞው ቡድን ግን የሦስተኛውን ዓመት ሸክም በአንድ ጊዜ ይቀበላል። ደካማውን ለመርዳት የወጣው ደንብ ለብልህ ተቀናቃኝ ወጥመድ ሆነለት።

ኒክስ ይክፈል የሚሉት ሰዎች ምክንያት ቀላል አልነበረም። ቡድኑ በገንዘብ ረገድ ከማኅበሩ ባለጠጎች አንዱ ነው። ለተጫዋቹ መነሣት ገንዘብ አላወጣም ነበር፤ በነጻ ያገኘውን ሰው በነጻ መስጠት ምን ትርፍ አለው? ደግሞም በወጣቱ ዝና የሚመጣው የትኬት፥ የመለያና የማስታወቂያ ገቢ አለ። ከጃኑዋሪ 2012 ጀምሮ በቴሌቪዥን ድርጅቶች ክርክር ምክንያት የኒክስ ጨዋታ በብዙ የኒው ዮርክ ቤቶች አይታይም ነበር፤ ክርክሩ ያለቀው የሊን ስም በገነነበት በፌብሩዋሪ አጋማሽ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሕዝብ ፍቅር በገበያ የማይገዛ ሀብት ነው ይሉ ነበር።

አይክፈል የሚሉትም በቂ መልስ ነበራቸው። ሃያ አምስት ጨዋታ የአንድን ሰው ችሎታ ለመመዘን ያንሳል፤ ጕልበቱም ገና ከቀዶ ጥገና መዳኑ ነው። ከዚህ የሚብሰው ግን የሦስተኛው ዓመት ነገር ነው። በ2014–15 ዘመን ኒክስ ለሦስት ታላላቅ ተጫዋቾቹ፥ ለካርሜሎ አንተኒ፥ ለአማሬ ስታውደማየርና ለታይሰን ቻንድለር ብቻ ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ የመክፈል ግዴታ ነበረበት። ከ2013–14 ጀምሮም ከተወሰነው መጠን ያለፈ ደመወዝ በሚከፍል ቡድን ላይ የሚጣለው ግብር እጅግ እንዲከብድ ተወስኖ ነበር። ለመጀመሪያው 5 ሚሊዮን ትርፍ በየዶላሩ 1.50፥ ለሁለተኛው 5 ሚሊዮን 1.75፥ ለሦስተኛው 2.50 ዶላር ይከፈል ነበር። የሊን 14.9 ሚሊዮን ሙሉ በሙሉ ከወሰኑ በላይ ቢውል ግብሩ ብቻ ወደ 28.5 ሚሊዮን ዶላር ይደርሳል፤ ከደመወዙ ጋር ሲደመር ለአንድ ተጫዋች በአንድ ዓመት 43.4 ሚሊዮን ዶላር ማለት ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው።

ጁላይ 17 ቀን 2012 ኒክስ እንደማይከፍል አስታወቀ። በሊን ምትክ እጅግ ባነሰ ደመወዝ ሬይመንድ ፌልተንን አመጣ። በተከተለው ዘመን ኒክስ 54 ጊዜ አሸንፎ 28 ጊዜ ብቻ ተሸነፈ፤ ከ2000 ወዲህም ለመጀመሪያ ጊዜ በማጣሪያው ውድድር አንድ ዙር አለፈ። ስለዚህ ፈራጆቹ ትክክል ነበሩ የሚል ብዙ ሰው ተገኘ። ነገር ግን በሚከተለው ዓመት ቡድኑ 37 አሸንፎ 45 ተሸነፈ። እጅግ የተፈራው 2014 ሲደርስም ቻንድለርና ፌልተን ወደ ዳላስ ተላልፈው ነበር። የሦስት ዓመት ሒሳብ በወረቀት ላይ እንደ ተጻፈ አይቈይምና።

ወጥመዱን የዘረጋው ሂውስተንስ ምን አተረፈ? ሊን በመጀመሪያው ዓመት 82ቱንም ጨዋታ ተጫወተ፤ አማካይ ውጤቱ 13.4 ነጥብ ነበር። ሆኖም ጄምስ ሃርደን በመምጣቱ ሥራው እየቀነሰ ሄደ። ያ ከባድ ሦስተኛ ዓመት ሲደርስ፥ በጁላይ 2014 ሂውስተን ሊንን ለሌከርስ ሲሰጥ ሸክሙን እንዲያነሡለት የወደፊት የምርጫ ዕድሉን ጨምሮ ከፈለ። በዚያው ወር ዳላስ ለሂውስተኑ ቻንድለር ፓርሰንስ የ46 ሚሊዮን ዶላር ውል አቀረበ፤ ሂውስተንም አልከፍልም ብሎ ለቀቀው። በሌላው ላይ ያጠመደው በራሱ ላይ ደረሰ። ሊን ግን አልተጐዳም፤ በ2019 ከቶሮንቶ ጋር የሻምፒዮናነቱን ክብር ተካፍሏል።

የከፈሉትንም እንመልከት። የዩታ ቡድን በ2013 ከጎርደን ሃይዋርድ ጋር በዋጋ ሳይስማማ ቀረ። በ2014 ሻርሎት 63 ሚሊዮን ዶላር ሲያቀርብለት ዩታ ከፈለ። ነገር ግን በሻርሎት ወረቀት ላይ ተጫዋቹ ከሦስት ዓመት በኋላ እንዲወጣ የሚፈቅድ ቃል ነበረበት። ሃይዋርድም እጅግ በበረታበት በ2017 ወደ ቦስተን ሄደ። ፖርትላንድ ደግሞ በ2016 ለአለን ክራብ ብሩክሊን ያቀረበውን 75 ሚሊዮን ዶላር ተቀብሎ፥ ከአንድ ዓመት በኋላ ሰውየውን ለዚያው ለብሩክሊን አሳልፎ ሰጠ።

ከነዚህ ምሳሌዎች የምንገነዘበው፥ የመክፈልና ያለመክፈል ክርክር በሦስቱ ቀን ውስጥ የሚጀመር ቢመስልም መልሱ የሚዘጋጀው ከዚያ በፊት መሆኑን ነው። ኒክስ አስቀድሞ የራሱን ዋጋ አቅርቦ ከመጨረስ ይልቅ ገበያው እንዲወስነው መረጠ፤ ገበያውም ሌላ ሰው በጻፈው ቃል ወሰነው። መጥኖ መደቆስ የሚገባው ድስቱ ሳይጣድ ነው።

ስለዚህ በኛ አስተያየት እንዲህ ያለ ጥያቄ የደረሰበት ሁሉ ሦስት ነገር ራሱን ይጠይቅ። አንደኛ፥ ይህን ሰው ማንም ባይጠይቀው ኖሮ ስንት እከፍለው ነበር? ሁለተኛ፥ ወረቀቱ ላይ ከገንዘቡ ሌላ ምን ተጽፏል? በኋላ የሚያስጨንቀው ብዙ ጊዜ ከጠቅላላው ድምር ይልቅ አከፋፈሉ ነውና። ሦስተኛ፥ ሰውየው ራሱ ምን ይወዳል? በ2012 ኤሪክ ጎርደን ወደ ፎኒክስ ለመሄድ መፈለጉን በግልጽ ተናግሮ ሳለ ኒው ኦርሊንስ 58 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ አስቀረው፤ አራቱ ዓመት ሲያልቅ ግን ተሰናብቶ ሄደ። እጅና እግሩን የያዙት ሰው ልቡ ሌላ ስፍራ ከሆነ ዋጋው ሁልጊዜ ውድ ነው።

ኒክስ በዚያ ዋጋ አልከፍልም ማለቱን እኛ አንነቅፍም፤ ነገር ግን ነገሩ እዚያ እስኪደርስ መጠበቁን አንደግፍም። በመሥሪያ ቤትም ቢሆን መልካም ጸሐፊን ወይም ብልህ ባለሙያን ሌላ ክፍል በብዙ ደመወዝ ሲጠራው፥ ኀላፊው ያን ቀን የሚያስበው አሳብ ዘግይቷል። ያ ሠራተኛ ማንም ሳይጠራው በፊት፥ በጸጥታ በሚሠራበት ጊዜ፥ ድካሙ ታይቶለት ቢሆን ኖሮ ምናልባት ወረቀቱ ከነጭራሹ ባልተጻፈ ነበር።