ትምህርቱ ከበደ ወይስ አቀራረቡ?

«ጂኦግራፊ አልወድም፤ ሽምደዳ ብቻ ነው» የሚል ልጅ በየቤታችን አለ። ወላጅም «ሰነፍ ነህ» ብሎ ይደመድማል። እስኪ እንጠይቅ፤ ልጁ የጠላው ትምህርቱን ነው ወይስ የተማረበትን መንገድ?

ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ የሚገኙትን የጫኖ መንደሮች እንውሰድ። የጫኖ ልጅ በሙዝ ማሳ መካከል ያድጋል፤ አባያ ሐይቅም ሩቁ አይደለም። አንዱ መምህር የሐይቆችን ስም ሰሌዳ ላይ ጽፎ «ገልብጡ» ይላል። ሌላው «አባያ ለምን ደፈረሰ?» ብሎ ይጠይቃል። ተማሪው የሚያውቀውን ውሃ ያስባል። ወንዞች ከደጋው ጠርገው ያወረዱት አፈር መሆኑን ሲደርስበት፣ የአፈር መሸርሸር የደብተር ቃል ብቻ መሆኑ ይቀራል። ትምህርቱ አንድ ነው፤ የተለየው መምህሩ ነው።

በ1997 ዓ.ም. ገደማ በሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቶች የገባውን የፕላዝማ ትምህርት ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያወጣም ቴሌቪዥኑ አይጠብቀውም ነበር። ለመምህሩ የተተዉለት ጥቂት ደቂቃዎች ነበሩ። የተማሪውን ፊት አይቶ የሚያስረዳ መምህርን ስክሪን አልተካውም።

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም በመምህሩ ላይ መጫን ግፍ ይሆናል። ልጁን ብቻ መውቀስም እንዲሁ።

ወላጆች ሆይ! «ስንት አገኘህ?» ከማለታችሁ በፊት «ዛሬ መምህርህ ምን ጠየቃችሁ?» በሉ። ት/ቤት ሄዳችሁም መምህሩን ተዋወቁት፤ ሲደክም አበርቱት።