ስለ መኪናችን ጎማ



የሒሳብ መግለጫችንን አንብባችሁ «ለጎማ የወጣ» የሚለው መስመር ላይ ቆም ያላችሁ ወገኖች ጽፋችሁልናል። ለሕፃናት ምግብና ለዘር ይሁን ብለን የሰጠነው ገንዘብ እንዴት ይህን ያህሉ ለጎማ ዋለ? ብላችኋል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የመልሱ ከፊል መንገዱ ነው፤ ከፊሉ ደግሞ የራሳችን ስሕተት ነው። ሁለቱንም ሳንደብቅ እንነግራችኋለን።

ከሮቤ እስከ ጎባ ያለው መንገድ አያስቸግርም። ጎባ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። ከዚያ ወደ ደቡብ የሚነሣው የጠጠር መንገድ ወደ ሳነቴ አምባ ይወጣና ከ4,000 ሜትር በላይ ይደርሳል፤ ከአምባው ላይ ቱሉ ዲምቱ በ4,377 ሜትር ከፍታው ቆሞ ይታያል። ከአምባው ማዶ ደግሞ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ሃረና ደን ቁልቁል ይወርዳል፤ ሪራን አልፎም ወደ ደሎ መና ቆላ ይቀጥላል። ጠዋት ውርጭ ረግጦ የተነሣ መኪና ከሰዓት በኋላ ቡና በሚበቅልበት ሙቀት ውስጥ ይገኛል ማለት ነው። አምባው ላይ ስለታም ድንጋይ አለ፤ ደኑ ውስጥ ጭቃና የዛፍ ሥር አለ። በዚህ ሁሉ ላይ መኪናችን ባዶውን ሄዶ አያውቅም።

በየካቲት 2017 ዓ.ም. አንድ ቀን የሕፃናት ምግብ ዱቄት ጭነን ሌሊት ከጎባ ተነሣን። በሃረና ደን ውስጥ ባለች አንዲት መንደር እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው በሦስት ሰዓት እንዲሰበሰቡ ተነግሯቸው ነበር። አምባው መካከል ስንደርስ የቀኝ የኋላ ጎማ ፈነዳ። ወርደን ስናየው የጎማው ጥርስ እንደ ልጣጭ ተገሽልጦ ተንጠልጥሏል። ስኮርታውን አወረድን፤ እሱም ንፋስ የለውም! ከተለካ ወራት አልፎት ነበር። ወደ ጎባ የሚመለስ አንድ የጭነት መኪና ሾፌራችንን ከነስኮርታው ወሰደልን፤ ሌሎቻችን በብርዱ መኪናው ውስጥ ቀረን። መንደሯ የገባነው በማግስቱ ነው። እናቶቹ ቀኑን ሙሉ ጠብቀው ወደ ማታ ተበትነው ነበር። አብዛኞቹ ተመለሱ። ሦስቱ ግን ሩቅ ስለሆኑ አልመጡም፤ ዱቄቱን በእግር ተጉዘን ያደረስንላቸው ከሳምንት በኋላ ነው። ከልጆቹ የአንዱ ክንድ በመለኪያው ሲታይ ከቀድሞው ቀንሶ አገኘነው።

ስኮርታውን የጠገነው የጎባ ጎሚስታ በኋላ የፈነዳውን ጎማ ስናሳየው ጎኑን በጨርቅ ወልወል አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ይኸ እኮ አሮጌ ጎማ ነው፤ ማን ነው አዲስ ያላችሁ?» ሲል ሾፌራችንን ጠየቃቸው። ማንም አላለንም፤ ራሳችን ነን ያልነው። ጎማዎቹን በኅዳር 2017 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ስንገዛ ጎናቸው ላይ «1217» የሚል ቁጥር አይተን ነበር። «17» የሚለውን የዚያው የ2017 ዓ.ም. መስሎን ደስ ብሎን ከፈልን። ይህ ቁጥር ግን ጎማው በየትኛውም አገር ቢሠራ የሚጻፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሐዞች ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመቱን ያመለክታሉ። ስለዚህ «1217» ማለት የ2017 አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 2009 ዓ.ም. መሆኑ ነው። በገዛንበት ቀን ጎማው ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ ሆኖት ነበር። መኪና ያላችሁ ወገኖች ዛሬውኑ ወጥታችሁ የራሳችሁን ጎማ ብታዩ ደስ ይለናል። ቁጥሩ አንዳንድ ጊዜ በአንደኛው ጎን ብቻ ስለሚጻፍ በውስጥ በኩልም ጎንበስ ብላችሁ ፈልጉት።

ጎማ ሳይነዳም ያረጃል። ላስቲኩ በአየርና በፀሐይ ይደርቃል፣ ጥርሱንና በውስጥ ያለውን የብረት መረብ የሚያያይዘው ኃይሉም ይደክማል። ጥርሱ ጥልቅ ስለሆነ ብቻ ደኅና ነው ማለት አይደለም፤ የእኛም ጥርሱ አዲስ ነበር። አምስት ዓመት ያለፈውን ጎማ በየዓመቱ ባለሙያ እንዲያየው፣ አሥር ዓመት የሞላውን ደግሞ ቢያምርም እንዲጣል ብዙ አምራቾች ይመክራሉ። በሳነቴ መንገድ ለሚሄድ ጭነት መኪና ግን እኛ አሥር አንጠብቅም።

ሁለተኛው ጥፋት የንፋስ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ጉዞ ሾፌራችን መና ላይ ጎማው በሙቀት መወጠሩን አይተው በቅንነት ንፋስ አስወጥተውለት ነበር። ብዙ ሾፌሮች ይህን ያደርጋሉ። ነገሩን በቁጥር እንየው። ጠዋት በጎባ ብርድ 40 ፒኤስአይ የተሞላ ጎማ ቆላ ሲወርድ በሙቀቱና በመሽከርከሩ 46 ሊደርስ ይችላል። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ የጎማው ሠሪም አስቦበታል። እዚያ 40 እስኪሆን ካስተነፈስነው ግን በማግስቱ በጎባ ብርድ 35 ገደማ ይሆናል። ንፋስ ያነሰው ጎማ ጭነት ሲሸከም ጎኑ በእያንዳንዱ ዙር ይተጣጠፋል፤ መተጣጠፉ ያግለዋል፤ መጋሉም ጥርሱን ከአካሉ ይለያየዋል። ያረጀ ጎማ ሲሆን ደግሞ ይፈጥናል። ስለዚህ ንፋስ የሚለካው ጠዋት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ነው። ልኩም በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ወረቀት እንጂ በጎማው ጎን ላይ አይፈለግም፤ በጎማው ላይ ያለው ጎማው የሚችለው የመጨረሻው ነው።

ስለ አገዛዙ ጥቂት እንበል። ልኩ፣ ለምሳሌ 265/70 አር 16፣ ስፋቱ 265 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 70 በመቶ፣ ቸርኬው 16 ኢንች መሆኑን ይናገራል። ቀጥሎ ያለው ቁጥር የሚሸከመውን ክብደት ስለሚያመለክት ከቀድሞው ጎማ ያነሰ እንዳይሆን ማየት ያስፈልጋል። ለርካሽነቱ ሲባል የመንገደኛ መኪና ጎማ በጭነት መኪና ላይ ማሰር ገንዘብ መቆጠብ አይደለም። ሱቁ ደጅ በፀሐይ ላይ ተደርድሮ የሚውለውን ጎማም አንገዛም። ጥርሱ ላይ ቀዳዳ ቢገኝ ከውስጥ ተለጥፎ ይሠራል፤ ጎኑ የተቀደደ ግን አይጠገንም፣ ጎሚስታው እሠራዋለሁ ቢልም። ጎማ ከተቀየረ በኋላም ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ተነድቶ ዳዶዎቹ እንደገና መጥበቅ አለባቸው፤ በጠጠር መንገድ ይላላሉና።

አሁን መኪናው ውስጥ መለኪያ፣ የእጅ ፓምፕና ሁለት ስኮርታ አለ። በየሰኞው ጠዋት ከጸሎት በኋላ ስኮርታዎቹ ጭምር ይለካሉ፤ ቁጥሩም በደብተር ይጻፋል። ከኅዳሮቹ አራት ጎማዎች ሦስቱን አስወግደናል። አራተኛው አሁንም በግራ የፊት እግር ላይ ነው፤ በሮቤና በጎባ መካከል እንጂ ሳነቴን አያልፍም። የሃረና ዝናብ በመጋቢት ከመጀመሩ በፊት እሱን ለመቀየር አስበናል።